አርቪያችሁን ለዊንተር፦ ስከርቲንግ እንዴት ይመረጣል፣ እንዴትስ ይገጠማል?

ኦክቶበር ሲገባ የሚደወልልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ዘንድሮ አርቪ ውስጥ ልከርም ነው፤ የትኛውን ስከርቲንግ ልግዛ?» አርቪ ማለት እንደ ቤት የሚኖርበት ተጎታች ወይም መኪና ነው። ጠያቂዎቹ በብዛት ዴንቨርና ኦሮራ፣ ሚኒያፖሊስ፣ ሱ ፎልስ አካባቢ ያሉ ናቸው። ከፊሎቹ ትራክ ይነዳሉ፤ ከፊሎቹ የቤት ኪራይ ከብዷቸው አርቪ የገቡ ናቸው። መልሱ በስልክ አያልቅም። ስለዚህ ከምርጫው እስከ መጨረሻው ፍተሻ ድረስ በቅደም ተከተል ጻፍኩት።

ስከርቲንግ ከአርቪው ወለል ጫፍ እስከ መሬት ድረስ ዙሪያውን የሚዘጋ መከለያ ነው። ዋና ሥራው ነፋስ ማስቆም ነው። ከወለሉ ሥር የንጹህ ውሃና የፍሳሽ ታንኮች፣ ቧንቧዎችና ቫልቮች አሉ። ከወለሉ ወደ ታች የሚያመልጠውን ሙቀትና ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት ነፋስ ጠራርጎ ይወስደዋል። ነፋሱ ሲቆም ያ ሙቀት እዚያው ይቀራል። ለዚህ ነው ወፍራም ፎም አድርጋችሁ ከታች ጣት የሚያስገባ ክፍተት ብትተዉ ድካማችሁ ውሃ የሚበላው። ስትመርጡም ስትገጥሙም «ነፋስ በየት ይገባል?» የሚለውን ጥያቄ አስቀድሙ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለሁሉም ዓይነት፦
- ሜትር፣ ማርከር፣ ወረቀትና እስክሪብቶ
- ወፍራም ላስቲክ (6 ሚል የሚባለው፣ ማለትም 0.006 ኢንች)፣ መሬት ላይ የሚነጠፍ
- የአሸዋ ከረጢት፣ ጠጠር ወይም ከባድ ሰንሰለት
- ገመድ አልባ ቴርሞሜትር፣ መለኪያው ከወለሉ ሥር የሚቀመጥ
- የፕሮፔንና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ፣ ቀኑ ያላለፈበት
- ለአይጥ መግቢያ የሚሆን የብረት ሽቦ፣ ድስት እንደምንፈትግበት ያለው
- የእጅ ባትሪና ጓንት

ፎም ቦርድ ለመረጠ በተጨማሪ፦ 4 በ8 ጫማ የሆኑ ፎሞች፣ ስለታም ከተር፣ የአሉሚኒየም ፕላስተር፣ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት ሰማያዊ ፕላስተር፣ የእንጨት ችካሎች።

ቪኒል ለመረጠ በተጨማሪ፦ ከባድ ቪኒል፣ ጠቅ የሚሉ ቁልፎች ወይም የሚለጠፍ ሐዲድ፣ አልኮል፣ ንጹህ ጨርቅ፣ ውሃ የማያስገባ ማሸጊያ።

1. መጀመሪያ የፓርኩን ቢሮ ጠይቁ

ብዙ ፓርኮች የራሳቸው ደንብ አላቸው። ገለባ የሚከለክል አለ። ኮምፔርሳቶ የሚከለክል አለ። ፎሙ በቀለም ካልተቀባ አይሆንም የሚልም አለ። ከገዛችሁ በኋላ «አንሱት» ከምትባሉ አሁን ጠይቁ። አብራችሁ ሁለት ነገር አጣሩ፦ መሬት ላይ ችካል መትከል ይቻላል ወይ? የመብራትና የውሃ መስመሩስ በየት በኩል ተቀብሯል? በግል ቦታ ላይ ከሆናችሁ ከመቆፈራችሁ በፊት 811 ደውሉ። መጥተው የአገልግሎት ድርጅቶች የቀበሩትን መስመር ምልክት ያደርጉላችኋል፤ አገልግሎቱ ነጻ ነው።

2. ዓይነቱን ምረጡ

ምርጫውን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንድ ቦታ ስንት ወር ትቀመጣላችሁ? ቦታው ምን ያህል ነፋሻማ ነው? ዋጋ ከእነዚህ በኋላ ይምጣ።

*ፎም ቦርድ።* ኅዳር ገብታችሁ እስከ ሚያዝያ ከአንድ ቦታ የማትነሱ ከሆነና ገንዘብ መቆጠብ ካለባችሁ የኔ ምርጫ ይሄ ነው። ሮዝ ወይም ሰማያዊ ሆኖ የሚሸጠው ኤክስፒኤስ በአንድ ኢንች ውፍረት 5 ገደማ አር ቫልዩ አለው። አር ቫልዩ ዕቃው ሙቀትን ምን ያህል እንደሚከላከል የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ ሲበዛ ይሻላል። ነጩና ሲሰበር ፍርፍር የሚለው ኢፒኤስ 4 አካባቢ ነው። ፊቱ በፎይል የተለበጠው ፖሊአይሶ ወረቀቱ ላይ 6 እና ከዚያ በላይ ይላል፤ ብርዱ ሲጠነክር ግን አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ 1 ወይም 2 ኢንች ኤክስፒኤስ ውሰዱ። እርጥበትም ብዙ አይመጥም።

የፎም ድክመቱ ሦስት ነው። ነፋስ ይሰብረዋል፤ ፀሐይ ታበላሸዋለች፤ እሳት ይይዘዋል። ለነፋሱ ችካል ይተከላል። ለፀሐዩ በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም ይቀባል። ዘይት ቀለም ወይም ስፕሬይ እንዳትነኩ፣ ፎሙን ያቀልጠዋል። ማስቲሽም ስትገዙ ለፎም የሚሆን መሆኑን ከላዩ አንብቡ።

*ከባድ ቪኒል።* በየዓመቱ የምትጠቀሙበት ከሆነ ወይም በዊንተሩ መሀል ቦታ የምትቀይሩ ከሆነ ይሄ ይሻላል። ይጠቀለላል፣ መልሶ ይሰቀላል። ቪኒል ራሱ ሙቀት የመያዝ አቅሙ ከምንም አይቆጠርም፤ ነፋስ ግን ድርቅ አድርጎ ያቆማል። ሲገዛ የሚታየው ክብደቱና የብርድ መቋቋሚያው ነው። 18 አውንስ የሚባለውን፣ ማለትም በስኩዌር ያርድ 18 አውንስ የሚመዝነውን ፈልጉ። ፍላትቤድ የምትነዱ ታውቁታላችሁ፤ ጭነት የሚሸፈንበት ከባዱ ታርፕ ማለት ነው። ያረጀ ግን ያልተቀደደ የጭነት ታርፕ ካላችሁ ተቆርጦ ጥሩ ስከርቲንግ ይወጣዋል። አዲስ ከሆነ «እስከ ስንት ዲግሪ ሳይሰነጠቅ ይታጠፋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ለሚኒሶታና ለዳኮታ እስከ -40 የሚችል ይሁን። በዚህ ቁጥር ፋራናይትና ሴልሺየስ እኩል ስለሆኑ መምታታት የለም።

*በአየር የሚሞላ።* ረጃጅም ቱቦዎች ናቸው፤ በፓምፕ ተነፍተው በአርቪውና በመሬቱ መሀል ተወጥረው ክፍተቱን ይዘጋሉ። ቶሎ ቶሎ ለሚንቀሳቀስ ሰው ከዚህ የሚፈጥን የለም። ዋጋው ግን ከበድ ይላል። ብርድ ሲጨምር በውስጡ ያለው አየር ስለሚኮማተር እያያችሁ መልሳችሁ መንፋት አለባችሁ። ሌሊት ልል ሆኖ ካደረ ነፋሱ ከላይ ይገባል።

*ኮምፔርሳቶ።* ጠንካራ ነው፣ ግን ይከብዳል። ለብቻው ሙቀት አይይዝም፤ ከኋላው ፎም ይፈልጋል። ለዓመታት ለማይነሳ አርቪ ካልሆነ አልመክርም።

*ገለባ።* አይሁን። እሳት ይወዳል፣ አይጥ ይሰበስባል፣ ሲረጥብ ይሻግታል።

*ሰማያዊ ቀጭን ሸራና የሚያብረቀርቅ ባብል ፎይል።* ሸራው በመጀመሪያው ዐውሎ ነፋስ ይተለተላል። ባብል ፎይሉ ደግሞ ለብቻው አር ቫልዩው 1 አካባቢ ነው፤ መስኮት ላይ ሊጠቅም ይችላል፣ ለስከርቲንግ አይበቃም።

ባጭሩ ቦታው ነፋሻማ ሆኖ ስድስት ወር የምትቀመጡ ከሆነ ከውጭ ቪኒል፣ ከውስጥ ፎም አድርጉ። ቪኒሉ ነፋሱን ይይዛል፣ ፎሙ ሙቀቱን። ሁለቱን ለመግዛት አቅም ከሌለ ፎሙን ውሰዱና በደንብ አስራችሁ፣ በደንብ አሽጉ።

3. ለኩ

ከመለካታችሁ በፊት አርቪውን አስተካክላችሁ አቁሙ፤ ክሪኩን አውርዱ፤ ስላይዶቹን (ከጎን ተገፍተው የሚወጡትን ክፍሎች) አውጡ። በኋላ ከፍታው ከተቀየረ ልኬቱ ሁሉ ይበላሻል።

መጀመሪያ ዙሪያውን ለኩ። 30 ጫማ ርዝመትና 8 ጫማ ወርድ ያለው አርቪ ዙሪያው 76 ጫማ ነው። ቀጥሎ በየ4 ጫማው ከወለሉ ጫፍ እስከ መሬት ያለውን ቁመት ለኩና ወረቀት ላይ ጻፉ። መሬት ሜዳ መስሎ ይታያል እንጂ ከጫፍ ጫፍ ብዙ ኢንች ሊለያይ ይችላል። አንድ ቦታ ብቻ ለክቶ መግዛት የሚያከስረው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ፎሙን እናስላ። ቁመቱ ከ24 ኢንች የማይበልጥ ከሆነ አንዱን 4 በ8 ፎም በርዝመቱ ለሁለት ትከፍሉታላችሁ። ከአንዱ 16 ጫማ ይወጣል፤ ለ76 ጫማ 5 ፎም ይበቃል። ቁመቱ 30 ኢንች ከሆነ ግን ከአንዱ ፎም የሚወጣው 8 ጫማ ብቻ ነው፤ 10 ፎም ያስፈልጋል። የሚተርፈውን 18 ኢንች ቁራጭ አትጣሉት። ለበርና ለማዕዘን ይሆናል። ስላይድ ካላችሁ ተጨማሪ ሁለት ፎም ያዙ።

ለቪኒል ከቁመቱ ላይ ቢያንስ ከ8 እስከ 12 ኢንች ጨምሩ። ያ ትርፍ መሬት ላይ ተኝቶ ክብደት የሚጫንበት ነው።

ስላይዱ ጋ ሁለት መንገድ አለ። ወይ መከለያውን የስላይዱን ውጫዊ ጠርዝ ተከትላችሁ ወደ መሬት ታወርዳላችሁ፣ ወይ ከስላይዱ ሥር በዋናው አካል መስመር ታስኬዳላችሁ። የመጀመሪያው የበለጠ ዕቃ ይፈጃል፤ የስላይዱን ወለል ግን ከብርድ ያድናል። አልጋ ወይም ሶፋ ያለው ስላይድ ከሆነ በመጀመሪያው ሂዱ፤ ሌሊት እግራችሁ ያውቀዋል። ፊፍዝ ዊል (በፒክአፕ ጀርባ ላይ ተያይዞ የሚጎተት አርቪ) ላይ ደግሞ ከፊት ከፍ ብሎ የወጣውን ክፍል መዝጋት ብዙ ጊዜ ግድ አይደለም። ወለሉ ዝቅ ከሚልበት መስመር ላይ ዝጉ።

4. መሬቱን አዘጋጁ

ከአርቪው ሥር ቅጠልና ቆሻሻ ካለ ጥረጉ። ከዚያ ላስቲኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንጥፉ። መሬት ቀን ከሌሊት እርጥበት ያወጣል። መከለያ ሲኖር መውጫ ያጣና ወደ ወለሉ ወጥቶ ጠብታ ይሆናል። በኋላ ብረቱን ያዝጋል፣ እንጨቱን ያበሰብሳል። ላስቲኩ ይህን ያቆማል።

ክሪኮቹ ሥር ሰፊ ጣውላ ወይም ፓድ አስገቡ። መሬት ሲቀዘቅዝ ያብጣል፣ ሲሟሟ ይሰምጣል። አርቪው ትንሽ ሲነሳና ሲወርድ ጠንካራ መከለያ ይሰበራል። ለዚህ ነው ፎሙን ከላይ ጥብቅ አድርጎ መወጠር የማያስፈልገው።

ችካል የምትተክሉ ከሆነ መሬቱ ሳይቀዘቅዝ ትከሉ። ዲሴምበር ላይ በመዶሻ አይገባም።

5. የላይኛውን ጠርዝ አያይዙ

አየሩ ከ50 ፋራናይት፣ ማለትም ከ10 ሴልሺየስ በላይ የሆነበትን ቀን ምረጡ። የሚለጠፍ ነገር ከዚያ በታች በደንብ አይይዝም፤ ለጊዜው የያዘ መስሎ ሌሊት ይወድቃል።

ለፎም፦ የአሉሚኒየም ፕላስተርን በቀጥታ አርቪው ቀለም ላይ አትለጥፉ። ስታነሱት ቀለሙንና ስቲከሩን ይዞ ይመጣል። መጀመሪያ ሰማያዊውን ፕላስተር በአርቪው ዙሪያ ለጥፉ፤ የአሉሚኒየሙን በሱ ላይ። ሁለት ፎሞች የሚገናኙበትን መስመር ከላይ እስከ ታች በአሉሚኒየም ፕላስተር አሽጉ። ከኋላ በየ4 ጫማው ችካል ይደግፈው።

ለቪኒል፦ የሚለጠፈውን ቦታ በአልኮል ጥረጉ፤ ይድረቅ፤ ከዚያ ሐዲዱን ወይም ቁልፉን ግጠሙ። በብሎን የሚታሰር ቁልፍ ከመረጣችሁ እያንዳንዱ ቀዳዳ ላይ ማሸጊያ አድርጉ። ያልታሸገ የብሎን ቀዳዳ ውሃ ወደ ግድግዳው ያስገባል፤ ጉዳቱ የሚታየው ከዓመት በኋላ ነው። ከመብሳታችሁ በፊት በዚያ በኩል ሽቦ ወይም ቧንቧ አለመኖሩን እዩ።

6. የታችኛውን ጠርዝ ዝጉ

ሰዎች ደክሟቸው የሚያቋርጡት እዚህ ነው። ሥራው የሚወሰነውም እዚህ ነው። የቪኒሉን ትርፍ ወደ ውስጥ አጥፉና የአሸዋ ከረጢት ወይም ሰንሰለት ደርድሩበት። ፎም ከሆነ ከውጭ በኩል ጠጠር ወይም አፈር አስጠጉ። ውሃ የተሞላ ቱቦ አትጠቀሙ፣ ቀዝቅዞ ይፈነዳል።

በረዶ ሲጥል ደግሞ ዕድል ነው። ከመከለያው ግርጌ አካፋ አካፋ እያደረጋችሁ አስጠጉት። በረዶ በውስጡ አየር ስለሚይዝ ብርድ ይከላከላል። የፈርነሱን (በጋዝ የሚሠራውን የቤት ማሞቂያ) ጭስ ማውጫና በሩን ግን እንዳትሸፍኑ።

7. በሮች ተዉ

የፍሳሽ ቫልቩ ጋ፣ የውሃ መገናኛው ጋና ክሪኩ ጋ የሚከፈት ቦታ ይኑር። ቪኒል ላይ ዚፕ፣ ፎም ላይ በቁራጭ የተሠራ መዝጊያ ይበቃል። በር ካልተዋችሁ የመጀመሪያው ታንክ የሞላ ዕለት መከለያውን ትቀድዳላችሁ።

የአይጥ ነገር እዚሁ ላይ ይታይ። ቧንቧና ሽቦ ወደ ላይ በሚገቡባቸው ቀዳዳዎች ዙሪያ የብረት ሽቦውን ጠቅጥቁ። ነፋስ የሌለበት ደረቅ ቦታ ስታዘጋጁ አይጥም ያየዋል።

8. ጋዙን አስቡ

ፕሮፔን ከአየር ይከብዳል። ሲያፈስ ወደ ታች ወርዶ ይጠራቀማል፤ የተዘጋ መከለያ ደግሞ እንደ ገንዳ ይይዘዋል። ስለዚህ ሲሊንደሮቹ ያሉበትን የፊት ምላስ (አርቪው ከሚጎትተው መኪና ጋር የሚያያዝበትን ብረት) ከስከርቲንጉ ውጭ አድርጉ። ሲሊንደሩ ሳጥን ውስጥ ከሆነ ከሥሩ ያሉትን የጋዝ ማስወጫ ቀዳዳዎች አትድፈኑ። ሞተርሆም (የራሱ ሞተር ያለው አርቪ) ላይ የጋዙ ታንክ ከጎን ከሥር ስለሚሆን ያን ቦታ ከመከለያው ለዩት። ከዚህ ሌላ በሁለት ተቃራኒ ጎኖች ከግርጌ ትንንሽ ማናፈሻ ተዉ። ነፋሱ ከሚበረታበት ጎን ባይሆን ይመረጣል።

9. ሙቀት ያስፈልግ እንደሆነ ወስኑ

ቴርሞሜትሩን ከወለሉ ሥር ቫልቮቹ አጠገብ አስቀምጡ። መቀበያው ቤት ውስጥ ይሁን። ውሃ በ32 ፋራናይት ይቀዘቅዛል፤ እናንተ 40 አካባቢ እንዲሆን ፈልጉ። ውጭው 15 ወይም 20 ሲሆን ከሥር ያለው ከ32 በላይ ከቆየ ምንም መጨመር የለባችሁም።

0 ፋራናይት ለቀናት የሚቆይበት ቦታ ግን ተጨማሪ ሙቀት ሊያስፈልግ ይችላል። ደህናው መንገድ ለአርቪ የተሠራ የታንክ ማሞቂያ ፓድና ለቧንቧ የሚጠቀለል የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገመድ ነው። ሂተር ከሥር የምታስገቡ ከሆነ ለእርጥብ ቦታ የተፈቀደ ይሁን፤ ኮንክሪት ጡብ ላይ ይቀመጥ፤ በጎኖቹ ዙሪያ 3 ጫማ ባዶ ቦታ ይኑረው፤ ጂኤፍሲአይ (ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ራሱ የሚያጠፋ) ሶኬት ላይ ይሰካ። በ35 ፋራናይት አብርቶ በ45 የሚያጠፋ ትንሽ ቴርሞስታት ሶኬት አለ። ያ ቢኖር ጥሩ ነው።

ሒሳቡንም ሥሩ። 1500 ዋት ሂተር በ120 ቮልት 12.5 አምፒር ይስባል። የ30 አምፒር መስመር ላይ ሁለት ሂተር 25 አምፒር በላ ማለት ነው። ማይክሮዌቩን ስትነኩ ብሬከሩ ይወድቃል፤ ቤት ከሌላችሁ ሂተሩ ጠፍቶ ያድራል።

10. በሌሊት ፈትሹ

ሲጨልም የእጅ ባትሪ አብርታችሁ ከአርቪው ሥር አስገቡ። መከለያውን ዝጉና ዙሪያውን ቀስ ብላችሁ ዙሩ። ብርሃን በወጣበት ሁሉ ነፋስ ይገባል። ማዕዘኖቹንና ጎማዎቹ ያሉበትን ቦታ በተለይ እዩ። ነፋስ ያለ ቀን ደግሞ ቀጭን የሶፍት ቁራጭ በግርጌው አስጠግታችሁ ያዙ፤ ከተወዛወዘ እዚያ ጋ ክብደት ጨምሩ።

ማስጠንቀቂያ

- ከሥር ጄኔሬተር፣ የጋዝ ሂተር ወይም ከሰል በፍጹም አታስገቡ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ በወለሉ ስንጥቅ ወደ መኝታ ይወጣል።
- ሞተርሆም ስከርቲንግ ተገጥሞለት እያለ ሞተሩን አታስነሱ። ጭሱ ከሥር ይታፈናል።
- በረዶ ባቆመ ቁጥር መጀመሪያ የፈርነሱን ጭስ ማውጫ አይታችሁ ጥረጉ። ከተዘጋ ጭሱ ወደ ውስጥ ሊመለስ ይችላል።
- የማሞቂያ አምፖል ከፎም አጠገብ አትስቀሉ። ቢወድቅ እሳት ነው።
- ቀጭን ኤክስቴንሽን አትጠቀሙ። ለሂተር 12 ጌጅ፣ ለውጭ የተሠራ ይሁን።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

ትልቁ ይሄ ነው፦ ፕሮፔን ለመቆጠብ ብለው ፈርነሱን አጥፍተው ቤቱን በኤሌክትሪክ ሂተር ብቻ ያሞቃሉ። ብዙ አርቪዎች ላይ ፈርነሱ ከሚነፋው ሙቀት የተወሰነው ታንኮቹ ወዳሉበት ወደ ሆዱ ይሄዳል። ፈርነሱ ሲጠፋ ቤቱ ሞቆ ሳለ ከሥር ያለው ይቀዘቅዛል። በጣም በሚበርድበት ሌሊት ፈርነሱ ቢያንስ በየተወሰነ ሰዓቱ እንዲነሳ አድርጉት።

ሁለተኛው የግሬይ ታንኩን (የእቃና የገላ መታጠቢያ ፍሳሽ የሚጠራቀምበትን) ቫልቭ ክፍት መተው ነው። የሚንጠባጠበው ውሃ ቱቦው ውስጥ እየቀዘቀዘ ይዘጋል። ዝጉት፤ ታንኩ ሲሞላ በአንድ ጊዜ ድፉት። የቫልቩ እጀታ አልንቀሳቀስ ካለ በኃይል አትሳቡ። ቀዝቅዟል ማለት ነው፤ ገመዱ ወይም እጀታው ይበጠሳል። መጀመሪያ አካባቢውን አሙቁ፣ ጠብቁ፣ ከዚያ ሞክሩ።

ሦስተኛው ከፓርኩ ቧንቧ የሚመጣውን የውሃ ጎማ መርሳት ነው። እሱ ከስከርቲንጉ ውጭ ነው። ወይ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ጎማ ግዙ፣ ወይ ታንኩን ሞልታችሁ ጎማውን ነቅላችሁ አስቀምጡ።

አራተኛው ከገጠሙ በኋላ ዞር ብሎ አለማየት ነው። ከእያንዳንዱ ትልቅ ነፋስ በኋላ አንዴ ዙሩ። በዊንተሩ መሀል ሞቅ ያለ ቀን ሲመጣ፣ ዴንቨር ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ይሆናል፣ በሮቹን ለጥቂት ሰዓት ከፍታችሁ እርጥበቱ ይውጣ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ መልሳችሁ ዝጉ። ማርች ላይ መሬቱ መሟሟት ሲጀምር ደግሞ ክሪኮቹን እንደገና አስተካክሉ፤ የላላውን ፕላስተር ቀይሩ። ሚኒሶታና ዳኮታ ያላችሁ ኤፕሪል ላይም በረዶ ስለሚጥል ስከርቲንጉን ለማንሳት አትቸኩሉ። የሌሊቱ ብርድ ከ32 በታች መውረዱን ሲያቆም ቪኒሉን አጥባችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ፣ ሳታጥፉ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት።